ስማቸው በጦስኝ ላይ የቀረ እንግዳ



በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ የምናቀርብላችሁ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከሩቅ አገር መጥተው፣ አገራችን ላይ ትዳር ይዘው፣ አርባ አንድ ዓመት ኖረው እዚሁ ያረፉ የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ነው። ስማቸው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ይባላል። የዕፅዋት ሊቃውንት የትም አገር ቢሆኑ ያውቋቸዋል። እኛ ደግሞ ሰውዬውን ሳናውቃቸው ስማቸውን ማጀታችን አስገብተነዋል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ የምንጨምረው፣ ሻይ ላይም ጣል የምናደርገው ጦስኝ በሊቃውንቱ መዝገብ ቲሙስ ሺምፐሪ ተብሎ ተጽፏል። የሺምፐር ጦስኝ እንደ ማለት ነው። እርግጥ ጦስኝ የምንለው ሁለት ዓይነት ነው፤ በእሳቸው ስም የሚጠራው አንደኛው ነው።

እኛ ጡረታ የወጣን ጸሐፊ ነን። ዕድሜያችንን የፈጀነው መዝገብ በመያዝ፣ ደብዳቤ በመቁጠርና ፋይል በማደራጀት ነው። የዕፅዋት ትምህርት የለንም፤ ስለዚህ ሰውዬውን የምናያቸው በመዝገብ ቤት ሠራተኛ ዓይን ነው። ከሰበሰቡት ቅጠል ሁሉ ይልቅ የጻፉበት መንገድ ይገርመናል። አንባቢም እስከ መጨረሻው ቢከተለን ለእድራችን የሚሆን ቁም ነገር ያገኝበታል ብለን እናምናለን።

አንድ ነገር አስቀድመን እናሳስብ። ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእኛን አቆጣጠር ስንጠቅስ ብቻ ዓ.ም. ብለን እንጽፋለን።

ሺምፐር የተወለዱት በ1804 ጀርመን አገር ነው። ቤተሰቡ የትምህርት ሰው የበዛበት ነበር። በአንድ ዓመት የሚበልጧቸው ወንድማቸው ካርል ፍሪድሪሕ ሺምፐር ስመ ጥር ሊቅ ነበሩ። ምድር በጥንት ዘመን በበረዶ ግግር ተሸፍና እንደ ነበረች ለመግለጽ የበረዶ ዘመን የሚለውን ቃል በ1837 ያወጡት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ታላቅ ወንድም በዚያ ዓመት ጀርመን አገር ስለ በረዶ ሲጽፉ፣ ታናሹ አድዋ ላይ ድንኳን ተክለው ነበር።

እንዴት አድዋ ደረሱ ያልን እንደ ሆነ፣ ነገሩ ከአንድ ማኅበር ይጀምራል። በደቡብ ጀርመን ኤስሊንገን በምትባል ከተማ ሽቶይደል የሚባሉ ሐኪምና ሆክሽቴተር የሚባሉ መምህር አንድ የመዋጮ ማኅበር አቋቁመው ነበር። አሠራሩ ለእኛ ለእድርተኞች እንግዳ አይደለም። እያንዳንዱ አባል የተወሰነ ገንዘብ ያዋጣል፤ በተዋጣው ገንዘብ አንድ ሰው ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ የተላከው ሰው የዚያን አገር ዕፅዋት እየለቀመ፣ እያደረቀ ይልካል፤ የመጣውም ለአባላቱ እንደ መዋጯቸው ይከፋፈላል። ለብቻው ቢሆን ባሕር የሚያሻግር አቅም ያልነበረው ሰው በማኅበር ሲሆን የዓለምን ቅጠል ቤቱ ድረስ ያስመጣ ነበር ማለት ነው።

ሺምፐር በ1831 ወደ አልጄሪያ ሄደው ነበር። በኋላም ለዚሁ ማኅበር ወደ ግብፅና ወደ ሲና በረሃ፣ ከዚያም ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ዐረብ አገር ዘለቁ። ከዐረብ አገር በምጽዋ በኩል ወደ እኛ አገር ገቡና በ1837 መጀመሪያ፣ በእኛ 1829 ዓ.ም.፣ አድዋ ደረሱ። ያን ጊዜ የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ጎንደር ላይ ንጉሥ ቢኖርም ሥልጣኑ በየአውራጃው መሳፍንት እጅ ነበር። ትግራይንና ሰሜንን አንድ ላይ ይዘው ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ እንግዳ ሰው ያለ ጌታ ፈቃድ አንድ ቀን እንኳ መንገድ መሄድ አይችልም። አድዋ ውስጥ በዚያን ጊዜ ከኤውሮፓ የመጡ የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያን ነበሩ። እነሱ ከካህናቱ ጋር ሊስማሙ ስላልቻሉ በ1838 ደጃዝማች ውቤ ከአገር አስወጧቸው። ሺምፐር ግን ቀሩ። ሥራቸው ቅጠል መልቀም እንጂ ከማንም ጋር መከራከር አልነበረም። ከደጃዝማቹም ጋር ተዋደዱ።

አሁን ወደ ሥራቸው እንግባ። ዕፅዋት መሰብሰብ ሲባል እንዲያው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ድካሙ ብዙ ነው። ተክሉ ከነሥሩ፣ ከነአበባው፣ ቢቻል ከነፍሬው ይነቀላል። በወረቀት መካከል ተዘርግቶ በሰሌዳ ይጫናል። ወረቀቱ እርጥበቱን ሲጠጣ በደረቅ ይለወጣል፤ በክረምት ደግሞ ደረቅ ወረቀት ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። አንድ ቀን ቢዘነጉት ይሻግታል። ከደረቀ በኋላ ይታሰራል፤ በበቅሎ ተጭኖ እስከ ምጽዋ ይወርዳል፤ ከዚያ በመርከብ ይሄዳል። ሺምፐር ይህን ሁሉ ያደረጉት ለአንድ ሁለት ዓመት አልነበረም። በሶሎዳ ተራራ ላይ፣ በተከዜ ሸለቆ ውስጥ፣ በሰሜን ተራሮች እስከ ቧሂት ድረስ እየወጡና እየወረዱ ሲለቅሙ ዕድሜያቸውን አሳለፉ። በሺሕ የሚቆጠር ዓይነት ላኩ።

አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ግን ወረቀቱን ነው። ከእያንዳንዱ ደረቅ ተክል ጋር አንዲት ትንሽ ወረቀት ትለጠፋለች። በወረቀቷ ላይ የሰብሳቢው ስም፣ የተራ ቁጥር፣ ተክሉ የተለቀመበት ቦታና ቀን ይጻፋል። የአገሬው ሰው ተክሉን በምን ስም እንደሚጠራውም አንዳንድ ጊዜ ይጨመራል። የመጀመሪያዎቹ ጥቅሎች ወረቀት ርእሱ የአድዋ ዕፅዋት የሚል ነበር። የአድዋ ስም በዓለም ላይ በጦር ድል ከመጠራቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ በኤውሮፓ ከተሞች ቤተ መዘክር ውስጥ በሣርና በአበባ ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ይህን ያወቅን ጊዜ ልባችን ደስ አለው።

መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ወዲያው ይገባዋል። ቁጥርና ቀን የሌለው ወረቀት ፋይል ውስጥ ቢኖርም እንደሌለ ነው። ተክሉም እንደዚሁ ነው። ቦታና ቀን ካልተጻፈበት ድርቆሽ ነው፤ ለበሬ ካልሆነ ለማንም አይሆን። የሺምፐር ቅጠሎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሙት ወረቀታቸው አብሯቸው ስላለ ነው። በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ስምንት ቅጽ ነው። የአገራችን ሊቃውንት ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያዘጋጁት ነው። በገጾቹ ላይ የሺምፐር የተራ ቁጥሮች ተደጋግመው ይገኛሉ። ሰውዬው ከሞቱ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ ያ ቁጥር ይጠየቃል፤ ያም ቁጥር ይመልሳል።

የእሳቸውን ስም የያዘው ጦስኝ ብቻ አይደለም። ለቡና ጥላ የሚሆነው ሰሳ አልቢዚያ ሺምፐሪያና ይባላል። መርዘኛው ምረንዝም አኮካንቴራ ሺምፐሪ ነው። ሳማ ደግሞ የሰሜንን አገር ስም ይዟል፤ ስሙን ያወጡለት እነዚያው የኤስሊንገኑ ሆክሽቴተር ናቸው። መድኃኒቱም መርዙም፣ የሚሸተውም የሚለበልበውም በአንድ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

የኤስሊንገኑ ማኅበር ግን ብዙ አልቆየም። በ1840ዎቹ ሥራውን አቆመ። መዋጮ ሲቆም የተላከ ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል። ሌላ ሰው ቢሆን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። ሺምፐር አልተመለሱም። የአገሩን ሴት አግብተው፣ ልጆች ወልደው፣ ቤተኛ ሆነው ነበር። ደጃዝማች ውቤም ከአድዋ በስተምሥራቅ ያለውን የእንጢጮን ወረዳ እንዲያስተዳድሩ ሰጧቸው። ቅጠል ለቃሚው ፈረንጅ የአገር ገዥ ሆኑ። ለአንድ እንግዳ ይህ ትልቅ ማዕረግ ነው። ሆኖም በዘመነ መሳፍንት ሹመት የሚቆመው ሿሚው እስከ ቆመ ድረስ ነበር።

በ1847 ኤድዋርድ ዛንደር የሚባሉ ጀርመናዊ ሠዓሊ መጥተው ከሺምፐር ጋር ተባበሩ፤ እሳቸውም በደጃዝማች ውቤ ዘንድ አገልግሎት ገቡ። በዚያ ዘመን ደጃዝማቹ በሰሜን ደረስጌ ላይ ትልቅ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ነበር። ሺምፐር በዚህ ሥራ ተካፋይ ነበሩ። ደጃዝማቹ ያቺን ቤተ ክርስቲያን ያሠሯት ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሊቀቡባት ነበር። ጳጳሱን አቡነ ሰላማን በ1841 ከግብፅ ያስመጡት እሳቸው ነበሩና ለዘውዱ የቀራቸው ጥቂት ነገር ይመስል ነበር።

ይሁንና የሰው ሐሳብና የእግዜር ፈቃድ ለየቅል ነው። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. የቋራው ካሣ ኃይሉ መጥተው እዚያው ደረስጌ አጠገብ ውቤን በጦርነት ድል አደረጓቸው፤ ማረኳቸውም። በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚያችው በደረስጌ ማርያም፣ በእነዚያው በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ውቤ ለራሳቸው ባሠሩት ቤት ሌላ ሰው ነገሠበት። እሳቸውም ብዙ ዓመት ታስረው በ1867 እስር ላይ እንዳሉ ሞቱ።

ጌታቸው ሲወድቁ ሺምፐርም እንጢጮን አጡ። ሹመት ሄደ፤ ሀብት ሄደ። ዕድሜያቸውም ሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር። ያን ጊዜ ምን አደረጉ ቢሉ፣ ወደ ቅጠላቸው ተመለሱ። እዚያው አድዋ ተቀምጠው እንደ በፊቱ ሶሎዳን እየወጡ፣ እየለቀሙ፣ እያደረቁ፣ ቁጥር እየሰጡ ለኤውሮፓ ቤተ መዘክሮች ይልኩ ጀመር። ከ1864 እስከ 1868 ባለው ጊዜ ደግሞ ስለ ትግራይ አገር፣ ስለ ዕፅዋቱና ስለ መሬቱ ያዩትን በሰፊው ጻፉ። ያ ጽሑፍ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ተቀምጧል፤ በእኛም ዘመን ተመራምረውበት ለአንባቢ አቅርበውታል። ሹመት ሊሻር ይችላል፤ ሙያ ግን ከሰው እጅ አይወጣም የምንለው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ተጣልተው ቆንስሉንና ሌሎችን ኤውሮፓውያን ማሰራቸው የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ በአገሩ የነበሩ ብዙ ፈረንጆች፣ የታሰሩትም በሥራ ላይ የነበሩትም፣ በመጨረሻ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር መቅደላ ላይ ተገኙ። ሺምፐርና ዛንደርም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ ሁሉም ነጻ ወጡ። ዛንደር በዚያው ዓመት አረፉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን እናስብ። ሺምፐር የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው፤ እኛ አሁን ያለንበት ዕድሜ ማለት ነው። ርስት የላቸውም፤ ጌታቸው ሞተዋል። ከእስር የተፈቱት ኤውሮፓውያን አብዛኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ወርደው ሄዱ። መርከብ አለ፤ ስንቅ አለ። ሺምፐር መንገዳቸውን ወደ አድዋ አደረጉ። ወደ ቤታቸው ማለት ነው። እኛ ከመላው ታሪካቸው ውስጥ ይህን ውሳኔ እናከብራለን። ሰው አገሩ የት ነው ቢባል፣ የተወለደበት ብቻ እንዳልሆነ ያስተምረናልና። በእኛ ሰፈርም እኮ አብዛኞቻችን ከየአውራጃው ተሰባስበን የመጣን ነን። እድራችንም የቆመው ዘመድ በሩቅ ለሆነበት ሰው ጎረቤት ዘመድ እንዲሆነው ነው።

ሺምፐር ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ኖሩ። በጥቅምት ወር 1871 ዓ.ም. ገደማ፣ በኤውሮፓውያኑ 1878፣ በሰባ አራት ዓመታቸው አድዋ ላይ አረፉ። ከዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ የአድዋ ጦርነት በሚዞሩባቸው በእነዚያ ተራሮች ዙሪያ ተደረገ።

ታሪኩ ግን በሞታቸው አላለቀም። በሕይወት ሳሉ ከላኳቸው ጥቅሎች ብዙዎቹ በርሊን ከተማ በሚገኘው ትልቅ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ተቀምጠው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በማርች ወር 1943፣ ቤቱ ከአየር በቦምብ ተመታና ተቃጠለ። የስንት ዘመን ልፋት በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። የሺምፐርም ሥራ ከዚያ ጋር ጠፍቶ ይቀር ነበር፤ ያዳነው ያ የጥንቱ የመዋጮ ማኅበር አሠራር ነው። ከአንድ ቦታ የተለቀመ ተክል ለብዙ አባላት ይከፋፈል ስለ ነበር ተመሳሳዩ ቅጠል፣ ከነቁጥሩና ከነቀኑ፣ በፓሪስም በለንደንም በሌሎችም ከተሞች ይገኛል። በርሊን ቢቃጠል ፓሪስ ያለው ይመሰክራል። መዝገብ ቤት ስንሠራ ግልባጭ ይቀመጥ እያልን የምንጨቃጨቀው ለዚሁ ነበር።

አንድ ነገር ግን ይቆጨናል። በእነዚያ ወረቀቶች ሁሉ ላይ የሰብሳቢው ስም አንድ ብቻ ነው። በሶሎዳ ዳገት ጥቅል የተሸከመው ልጅ፣ ይህ ጦስኝ ነው ይህ ምረንዝ ነው ብሎ ስሙን የነገረው ሽማግሌ፣ የሻገተ ወረቀት ፀሐይ ላይ ያሰጣችው የቤት እመቤት በወረቀቱ ላይ የሉም። ሥራው የእነሱም ነበር። ያልተጻፈ ሰው ደግሞ ከሁለት ትውልድ በኋላ እንዳልነበረ ይሆናል።

ስለዚህ ይህን የሕይወት ታሪክ ስንጽፍ ወደ ራሳችን መዝገብ ተመለከትን። የእድራችን የአባላት መዝገብ የባለቤቱን ስም፣ የቤት ቁጥሩንና የወር መዋጮውን ይይዛል። አባል ሲያርፍ በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ይጻፍ ይባላል። ያን ጊዜ ልጆች የአባታቸውን የትውልድ ቦታ እርስ በርስ ሲጠያየቁ፣ ዘመኑን ሲገምቱ ሁላችንም አይተናል። የእናት ታሪክማ ይብሳል፤ በመዝገብ የሰፈረችው በባሏ ስም ነውና። ሠላሳ አርባ ዓመት ድንኳን ውስጥ ስትጋግርና ስታስተናግድ የኖረች ሴት ሁለት መስመር የማይሞላ ታሪክ ተነቦላት ትቀበራለች።

እንግዲህ ለዘንድሮው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ አባል በሕይወት ሳለ ሙሉ ስሙን፣ የአባትና የእናቱን ስም፣ የትውልድ ቦታውንና ዘመኑን፣ ወደ ሰፈራችን የመጣበትን ዓመትና ሙያውን በአንድ ገጽ ያስመዝግብ። ሁለተኛ፣ ባልና ሚስት በየራሳቸው ገጽ፣ በየራሳቸው ስም ይጻፉ። ሦስተኛ፣ መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅና አንዱ በሊቀመንበሩ ቤት፣ አንዱ በጸሐፊው ቤት ይቀመጥ። እሳትና ጎርፍ ሁለት ቤት አንድ ቀን አይገቡም ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ወጪው የሁለት ደብተር ዋጋ ነው፤ ጉልበቱን እኛ፣ ዓይናችን እስከ ረዳን ድረስ፣ በነጻ እንሰጣለን።

አንድ እንግዳ ሰው ለሶሎዳ ሣር ቁጥርና ቀን ነፍጎ አላለፈም። እኛም ለጎረቤታችን አንድ ገጽ አንንፈግ። የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውን በጤና ያኑረን።